ጸጥታ ያልተስማማው በሽተኛ

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ ቤዛ ምሳ ልትበላ ቤቴ መጥታ፣ ገና ሽሮዋን ሳትጨርስ ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ቤዛ የነርስ ተማሪ ናት፤ ሦስተኛ ዓመት። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በነርስነት ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ አክስቷ ነኝ። ስለዚህ የእሑድ ምሳችን ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በቤት ሥራ ነው። አልጠላውም። እንዲያውም የምትቀርበት እሑድ ቀኑ አልገፋ ይለኛል።

«አክስቴ፣ እስቲ በናትሽ ፍረጂ» አለችኝ። «ሐሙስ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በሽተኛ ይሰጡኛል። ከነርሲንግ ቲዎሪዎች አንዱን መርጠሽ በሽተኛው ላይ ተግብሪ ብለውኛል። ሰው በሞትና በሕይወት መካከል ሆኖ ቲዎሪ ምን ያደርግለታል? ለሱ የሚያስፈልገው ኦክስጅንና መድኃኒት ነው!»

እስክሰነጠቅ ሳቅሁ። ተቀየመችኝ። የሳቅሁት ግን በሷ አልነበረም። በዕድሜዋ ሳለሁ ይህንኑ ቃል በቃል ብያለሁ፤ የጎደለኝ ላፕቶፑ ብቻ ነበር። ሳቄ ሲበርድ ሻይ ቀዳሁላትና የጋሽ ከድርን ነገር አጫወትኳት። ለሷ ያሳጠርኩትን ለእናንተ ዘርዘር ላድርገው።

ያደግሁት ከአብነት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ ሠፈር ነው። አባቴ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር። የመርካቶ ዳር ልጅ ሰዓት ሳያይ ሰዓት ያውቃል። አዛኑ ከተሰማ ሊነጋ ነው። ከባድ መኪና ሲያጓራና ኩሊዎች «ገለል! ገለል በሉ!» ሲሉ ዕቃ እየወረደ ነው፤ የትምህርት ቤት ሰዓት ደርሷል። ወያላው ድምፁ እስኪዘጋ የሚጣራበት ጊዜ ደግሞ ሰው ወደ ቤቱ የሚሮጥበት ነው። እንዲህ ካለው ሠፈር ወጥቼ የነርስ ትምህርት ቤት ማደሪያ ስገባ የመጀመሪያውን ሳምንት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጓደኞቼ ከጩኸት የመጣች ልጅ እንዴት በጸጥታ መተኛት ያቅታታል ብለው ተሳለቁብኝ። እኔ ግን ጸጥ ሲል አንድ ነገር የተበላሸ ይመስለኝ ነበር። ቆየሁና ለመድኩት። ለመድኩት ብቻ ሳይሆን ከነጭራሹ ረሳሁት።

የቲዎሪ አስተማሪያችን ሲስተር አልማዝ ነበሩ። ነጭ ጫማቸው ክረምት ከበጋ ነጭ ነው፤ በዚያ የአዲስ አበባ ጭቃ እንዴት እንደሚያደርጉት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሦስት ሞዴሎች አስተማሩን። አንደኛው በሽተኛው ያለበት አካባቢ፣ ማለትም ብርሃኑ፣ አየሩ፣ ንጽሕናውና ድምፁ፣ ለመዳን ወይም ለመባስ ምክንያት ይሆናል ይላል። ሁለተኛው በሽተኛው ራሱን መንከባከብ የሚችለውን ያህል እንዲንከባከብ፣ የጎደለውን ብቻ እንድንሞላለት ይመክራል። ሦስተኛው ደግሞ ሰው ከመጣበት ነገር ጋር ራሱን እንዴት እንደሚያላምድ ይመረምራል። ከዚያ እያንዳንዳችን አንዱን መርጠን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ባለ አንድ በሽተኛ ላይ እንድንተገብርና በመጨረሻ አልጋው አጠገብ ቆመን እንድናስረዳ ታዘዝን።

እኔ የአካባቢውን መረጥኩ። ምክንያቴ ጥልቅ አልነበረም፤ ቀላሉ እሱ መሰለኝ። መስኮት መክፈት፣ አንሶላ መለወጥና ዝም ማሰኘት ምን ይከብዳል? የክፍል ጓደኛዬ ታደለ ሁለተኛውን መረጠና በመጀመሪያው ቀን ለበሽተኛው ማበጠሪያ አቀበለው። ሰውዬው ለካ መላጣ ነው። እንግዲህ ሁላችንም እንደዚያ ነበርን፤ ቲዎሪውን ይዘን ሰውዬውን ሳናይ።

ጋሽ ከድር የደረሱኝ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ምናለሽ ተራ የቆርቆሮ ሳጥንና የከሰል ምድጃ ሠሪ ናቸው። ግዙፍ ሰው ነበሩ፤ አልጋው ከእግራቸው በታች ያልቅ ነበር። ሁለቱም ሳንባቸው በሳንባ ምች ተይዟል። ኦክስጅን በማስክ ይሰጣቸዋል፤ ማስኩ ከአፍንጫቸው ጥቂት ከራቀ ከንፈራቸው ይጠቁራል። በዚያን ጊዜ በክፍሉ የነበረው ብቸኛ የመተንፈሻ ማሽን ሌላ ሰው ላይ ነበር። ስለዚህ የጋሽ ከድር ሕይወት ያለው በዚያች ማስክ ላይ ነው። ይህንን ሐኪሙ ለእኔም ለባለቤታቸውም ሳይደብቅ ነገረን።

ባለቤታቸው እትዬ ሩቂያ ይባላሉ። አጠር ያሉ፣ ፈጣን፣ ድምፃቸው ከተራው ወዲህ ማዶ ሆነው ወዲያ ማዶ ያለውን ኩሊ የሚጠራ። በመጀመሪያው ቀን የአጥሚት ፔርሙዛቸውን ታቅፈው ገቡና ከበሩ ጀምረው «ከድሬ! እንዴት አደርክ!» ሲሉ የታካሚዎቹ ሁሉ ዓይን ተገለጠ። እኔም በአዲሱ ቲዎሪዬ ዓይን አየኋቸው። ድምፅ! ይኸው ጠላቴ! እጃቸውን ይዤ ወደ ደጅ አወጣኋቸውና «እትዬ፣ ይሄ እኮ ሆስፒታል ነው፤ በሽተኛ ጸጥታ ይፈልጋል» አልኳቸው። ደንግጠው አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ። ከዚያች ቀን በኋላ እንደ ሌባ በእግራቸው ጣት ነበር የሚገቡት።

በዚህ አላበቃሁም። በኮሪደሩ ጫፍ አንዲት ትንሽ ክፍል ነበረች። የመንጋጋ ቆልፍ በሽተኞች የሚተኙባት ናት። ያ በሽታ የያዘው ሰው በር ሲንኳኳ፣ መብራት ሲበራ ሰውነቱ ስለሚኮማተር ክፍሏ ጨለማና ጭር ያለች እንድትሆን ተደርጋለች። ያን ሳምንት ባዶ ነበረች። ለአንዱ ጸጥታ መድኃኒት ከሆነ ለሌላውም ይሆናል ብዬ የክፍሉን ኃላፊ ለምኜ፣ ጋሽ ከድርን ከነሲሊንደራቸው እዚያ አስገባኋቸው። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። ከበሩ ሥር ጨርቅ ጎሰጎስኩ። ካርቶን ላይ በትልቁ «ጸጥታ!» ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ጓደኞቼን ሁሉ በሹክሹክታ እንዲያወሩ አስማልኳቸው። የዚያን ቀን ማታ ማደሪያችን ስንገባ ታደለ ማበጠሪያውን እያየ ሲተክዝ፣ እኔ ግን ዋንጫ የበላሁ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር።

ጠዋት ስገባ ሁለት ነርሶች ጋሽ ከድርን በትከሻና በትከሻ ይዘው ይታገላሉ። ማስኩ ወለል ላይ ወድቋል። ከንፈራቸው ከሰል መስሏል። ዓይናቸው የማያውቀውን ነገር እንዳየ ሰው ፈጦ ግድግዳውን ይዳብሳሉ። ሌሊቱን ሙሉ እንዲሁ ሲያደርጉ ነው ያደሩት። እየጎተትን ማስኩን መለስንላቸው። ዘወር ከማለታችን አወለቁት።

ሐኪሙ መጥቶ አያቸውና ፊቱ ተለወጠ። «ማስታገሻ ብንሰጣቸው እንዳይተነፍሱ ያዳክማቸዋል» አለ። «እጃቸውን እሰሩ። ግን እየታገሉ ከዋሉ በዚህ ሳንባ ብዙ አይቆዩም። ማስኩን ካላቆዩ ነገ ላናገኛቸው እንችላለን።»

እጃቸውን በፋሻ ለማሰር ጎንበስ ስል እነዚያን ጣቶች አየኋቸው፤ ብረት የበላቸው፣ ጥፍራቸው ሥር ጥቁር የገባባቸው ጣቶች። ሊታሰሩ የተፈጠሩ አልመሰሉኝም። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ በቲዎሪዬ መሠረት በቀስታ፣ «ጋሼ፣ አይዞዎት፤ ምን ፈልገው ነው?» አልኳቸው። ከንፈሬን አፍጥጠው ተመለከቱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ በመሐል ትንፋሽ እያጠራቸው «ልጄ፣ መቼ ነው የቀበሩኝ?» አሉ።

ነገሩን ሳልረዳው እትዬ ሩቂያ ገቡ። እንደ አዘዝኳቸው በጣታቸው ጫፍ እየረገጡ፣ ነጭ ሻሻቸውን ተከናንበው፣ አፋቸውን ሳያሰሙ እያንቀሳቀሱ። ጋሽ ከድር አዩዋቸውና በጭንቀት «ሩቂያ፣ አንቺም ሞትሽ?» አሉ።

እትዬ ሩቂያ ያን ጊዜ ሆስፒታሉንም፣ እኔንም፣ ካርቶኔንም ረሱ። «ወየው!» አሉ በሙሉ ድምፃቸው። «ማነው የሞተው! አንተ ሰውዬ አጥሚትህ እየቀዘቀዘ ምን ታወራለህ!»

መስኮቱ ነዘረ ብል አላጋነንኩም። ጋሽ ከድር ግን ጸጥ አሉ። አንገታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። ትከሻቸው ወረደ። ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ማስኩን አልነኩትም። አንደኛዋ ነርስ «ኧረ ዝም በሉ!» ስትል ድምፁ ተቋረጠ፤ እሳቸውም ወዲያው መወራጨት ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ።

«እትዬ፣ ጋሽ ከድር ጆሯቸው ይሰማል?» አልኳቸው።

«ለምን አይሰማም! ጮክ ስትይ ልቅም አድርጎ ይሰማል» አሉኝ ተቆጥተው። «እኛ ተራ ደግሞ በቀስታ የሚያወራ ማን አለ?»

ለካ ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን መዶሻ ሥር ኖረው ጆሯቸው ደንቁሯል። ግን ተራው ሁሉ እየጮኸ ስለሚያወራ ቤተሰቡም ሆነ እሳቸው ራሳቸው አላወቁትም። እኛ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው ጨለማ ክፍል አስተኝተን፣ ነጭ ለብሰን እየተመላለስን፣ ከንፈራችንን ያለ ድምፅ ስናንቀሳቅስባቸው አደርን። ምን እንዲመስላቸው ነው ታዲያ? መርካቶ ጭር የሚለው ሰው ሲሞትና ሱቅ ተዘግቶ ቀብር ሲኬድ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ እኮ! በማደሪያው ጸጥታ እንቅልፍ ያጣሁት እኔው ነኝ። የመርካቶ ልጅ መሆኔን አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ አሰብኩና፣ ማን ሊነግረኝ ነው ብዬ በራሴ ሳቅሁ።

በቀጥታ ወደ ሲስተር አልማዝ ቢሮ ሮጥኩ። ፈርቻቸዋለሁ። ሰው ሊሞት ነው ብዬ ጀመርኩና፣ ስለ ጆሯቸው፣ ስለ ምናለሽ ተራ፣ ስለ ጨለማው ክፍል ያለ ነጥብና ያለ ሰረዝ ለቀለቅሁት። በመጨረሻም «ቲዎሪው ድምፅ ጎጂ ነው ይላል፤ እሳቸው ግን ያለ ድምፅ ሊሞቱብኝ ነው፤ ቲዎሪ ልቀይር?» አልኳቸው።

ሲስተር አልማዝ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቲዎሪው ጎጂ ነው ያለው የማያስፈልግ ድምፅ ነው» አሉኝ። «የማያስፈልገው ለማን ነው? ለአንቺ ነው ለሳቸው?»

በሩ ላይ የለጠፍኩት ካርቶን ታወሰኝ።

«ለመቀየር ምን አደከመሽ? ገና መቼ ሠራሽበትና» አሉ መነጽራቸውን እየመለሱ። «መስኮቱን ክፈቺ። ሁላችሁም ጮክ ብላችሁ አናግሯቸው። የለመዱትን ድምፅ ደግሞ ከቻልሽ አምጪላቸው፤ ቀን ቀን ብቻ፣ ሌላ በሽተኛ ሳይረበሽ። እስክትመለሺ እኔ ራሴ አጠገባቸው እሆናለሁ።» ከወንበራቸው ተነሡ። ከኮሪደሩ ጫፍ ድምፃቸውን ሰማሁት፤ እንዲያ መጮህ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር።

የአባቴን ካሴት ማጫወቻና መቅጃ ከሶማሌ ተራ ወስጄ ከእትዬ ሩቂያ ጋር ወደ ምናለሽ ተራ ወረድን። ሌሊቱን ዘንቦ ስለ ነበር መንገዱ ሊጥ ሆኗል። የሰው ጎርፍ፣ ጋሪ፣ ጀርባው ላይ አምስት ፍራሽ የተሸከመ ሰው፤ ሁሉም በዚያች ጠባብ መንገድ ልለፍ ይላል። እትዬ ሩቂያ ከፊቴ ሆነው በክርናቸው መንገድ ይከፍታሉ። በመሐል አንዲት ፉል ቤት በር ላይ ቆም ብለው «አልበላሽም አይደል» አሉኝ። ጊዜ የለንም ብል ማን ይሰማኛል? የቆርቆሮ ሰሃን ላይ ትኩስ ፉል፣ ላዩ ላይ ቃሪያና ቲማቲም፣ ዘይቱ የሚንተከተክ፤ ከትኩስ ዳቦ ጋር ቆመን ዋጥነው። እሳቸው ግን ጥቂት ቀምሰው ዳቦውን ይዘው ቀሩ። «በቃኝ፤ እሱ ይዳን እንጂ» አሉ። ላለማልቀስ እየታገሉ እንደ ነበር ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። አንጀቴን በሉት።

ምናለሽ ተራን ላላያችሁ ልንገራችሁ። ከበርሜል ምድጃ፣ ከዘይት ጣሳ ኩራዝ፣ ከተጣለ ብረት አልጋ ይወለዳል። ሰዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረው፣ እያንዳንዱ ከፊቱ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ እንደ ሰንዳን አስቀምጦ ይቀጠቅጣል። ወሬ የሚያወሩት፣ የሚሸጡት፣ የሚጣሉትና የሚታረቁት በዚያ ሁሉ ቀጠቃ መሐል ነው። እትዬ ሩቂያ ጉዳዩን በጩኸት አስረዱ። መዶሻዎቹ አንድ በአንድ ቆሙና ሁሉም ከበበን።

ከሁሉ ቀድሞ የመጣው የጋሽ ከድር ጎረቤት ሁሴን ነው። ሁለቱ ለዘመናት ቦታህን ገፋኸኝ፣ ጥላዬን ወሰድክብኝ ሲባባሉ የኖሩ ናቸው። «ምን እንበለው?» አለኝ ድምፁ ሻክሮ።

«ምንም አትበሉ። ሥራችሁን ሥሩ፤ እኔ እቀዳለሁ» አልኩና ቁልፉን ተጫንኩ።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ተራው በሙሉ ጸጥ አለ። ድምፅ እየተቀዳ ነው ሲባል ሰው ሁሉ እንደ ጉባኤ አደብ ገዛ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው ኮፍያውን አወለቀ። መዶሻውን ያነሣ ሁሉ አየር ላይ ይዞት ቀረ። ጸጥታ እንዲያ ያበሳጨኝ ቀን የለም። «ኧረ ምቱ!» ብዬ ጮህኩ። «ሰውዬው የሚሞተው በዚሁ ጸጥታ ነው እኮ!»

ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው! የሠራውም ያልሠራውም ቀጠቀጠ። ለጋሽ ከድር ሲባል ባዶ በርሜል የደበደበ ሁሉ አለ። በመሐሉ አንዲት ገዢ መጥታ ምድጃ ስንት ነው አለች፤ ሻጩ ዋጋ ጠራ፤ እሷ በግማሽ አወረደች፤ እሱ በልጆቹ ማለ፤ እሷ ዞራ መሄድ ጀመረች፤ እሱ ጠራት፤ ሁሉም ካሴቱ ላይ ገባ። ሁሴን ግን ዳር ቆሞ ያስብ ነበር። ኋላ ሄዶ የጋሽ ከድርን ቦታ የሸፈነውን ሸራ ገለጠ። የሳቸው ሐዲድ ፊት ቁጢጥ አለና መምታት ጀመረ። ድምፁ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ፣ ቀጭንና ጥርት ያለ ነበር። «ይቺን ያውቃታል» አለኝ ቀና ሳይል።

ስንመለስ ሲስተር አልማዝ ሁለቱን የጋሽ ከድር እጆች በሁለት እጃቸው ይዘው አልጋው ዳር ተቀምጠዋል። ፋሻውን ፈተውታል። ድምፃቸው ሰልሏል። ብርድ ልብሱ ከመስኮቱ ወርዶ የነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ ገብታለች። ጋሽ ከድር ግን ደክመዋል፤ ቢሆንም በየመሐሉ ማስኩን ለመግፋት ይሞክራሉ።

ካሴቱን ትራሳቸው አጠገብ አድርጌ ከፈትኩት። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። እትዬ ሩቂያ ከንፈራቸው በጸሎት ይንቀሳቀሳል። ከዚያ የጋሽ ከድር የግንባር ቆዳ ተኮማተረ። ወደ ማስኩ እየሄደች የነበረች እጃቸው መንገድ ላይ ቆመች። ትንሽ ቆይታም ፍራሹ ላይ ወርዳ በጣቷ ቀጠቃውን መከተል ጀመረች። የሁሴን ቀጠቃ ሲጀምር ደግሞ ጋሽ ከድር ዓይናቸውን ገለጡ።

«ማነው እሱ?» አሉ ከማስኩ ሥር።

«ሁሴን ነው!» አሉ እትዬ ሩቂያ በሙሉ ድምፅ።

«ሐዲዴን ምን አገባው!» ትንፋሽ አጠራቸው፤ አረፍ አሉ። «ጠርዙን ነው የሚመታው። ይሰብርብኛል። ንገሩት!»

እኔም ጆሯቸው ሥር ሄጄ፣ ከአብነት ይዤው በወጣሁት ድምፅ፣ «እርስዎ ድነው ይንገሩት እንጂ! ማስኩን ያቆዩና ቶሎ ይነሡ!» አልኳቸው።

አዩኝ። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ መስኮቱን፣ ከዚያ ባለቤታቸውን። ግዙፍ እጃቸውን አንሥተው ማስኩን በራሳቸው አስተካከሉት።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ስገባ ካሴቱን እከፍታለሁ፤ ምሽት ላይ እዘጋዋለሁ። በዚህም ቀንና ሌሊት ተለየላቸው፤ ሌሊት መተኛት ጀመሩ። መድኃኒቱም ሥራውን ሠራ፤ ሳንባቸው ቀስ በቀስ ጠራ። ግን በኮሪደሩ ያሉት በሽተኞች ሌላ ችግር ገጠማቸው። ካሴቱ የሚያልቀው ያቺ ምድጃ ገዢ ተመልሳ «እሺ፣ የመጨረሻውን ንገረኝ» ስትል ነው። ቀኑን ሙሉ እየሰሙት ዋጋው ሳይቆረጥ ይዘጋል። አንድ ሆዳቸውን የተቀደዱ አዛውንት ማረፍ አቅቷቸው «ልጄ፣ ስንት ሸጠላት?» እያሉ ጠየቁኝ። አላውቅም ስል ተናደዱብኝ።

የማስረዳቱ ቀን ሲደርስ ሁላችንም የጋሽ ከድርን አልጋ ከበብን። በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እኔ እንደ ወጉ ለዘብ ባለ ድምፅ ስጀምር «አይሰማም!» አሉኝ። ስለዚህ የነርሲንግ ቲዎሪን እንደ ወያላ እየጮህኩ አስረዳሁ። ብርሃን አልኩ፣ አየር አልኩ፣ ንጽሕና አልኩ። ድምፅ ላይ ስደርስ ሲስተር አልማዝ አቋረጡኝና «ማስኩን በመጨረሻ ያደረገላቸው ማነው?» ብለው ጠየቁ።

«ራሳቸው ናቸው» አልኩ።

ታደለን ዘወር ብለው አዩት። «ያንተ ቲዎሪ የት እንደሚገባ አየህ?» አሉት። ታደለ ራሱን ነቀነቀ። ማበጠሪያ እስከ ምረቃችን ድረስ ስሙ ሆኖ ቀረ።

ጋሽ ከድር ከስተው፣ በባለቤታቸው ተደግፈው፣ ግን በእግራቸው ወጡ። እትዬ ሩቂያ እንደ ነገሩኝ ቤት እንኳ ሳይገቡ በምናለሽ ተራ በኩል እንለፍ ብለው፣ ሐዲዳቸውን ጠርዝ ጠርዙን ዳብሰው ነው የሄዱት። ምንም አልሆነም ነበር። ቢሆንም ሁሴንን ሰድበውታል፤ ሁሴንም እያለቀሰ መልሶ ሰድቧቸዋል። ሥራ ከያዝኩ በኋላ በዚያ ሳልፍ ከሩቅ አይተውኝ «ሲስተር! ያቺ በጸጥታ የምትገድለዋ!» ብለው ሲጮሁ ተራው በሙሉ ይስቅብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ብዙ ዓመት ኖሩ።

ቤዛ ይህን ሰምታ «እና ምን ልጻፍ ታዲያ?» አለችኝ። ገና ምንም አትጻፊ አልኳት። ቲዎሪ ጥሩ ነገር ነው፤ ምኑን ልይ ብለሽ ግራ ሲገባሽ ዓይንሽን ወደ አልጋው ይመራልሻል። አልጋው ላይ ያለውን ሰው ግን እሱ አያውቀውም፤ ያ ያንቺ ፋንታ ነው አልኳት። ስንት ዓመት ሠርቼ ከዚህ የበለጠ የማውቀው ነገር የለኝም። ፊቷን አጨማዳ ላፕቶፗን ዘጋች። የሰማችኝም አልመሰለኝ።

ትናንት አርብ ምሽት ስልክ ደወለችልኝ። በሽተኛ ተሰጥቷታል፤ ሸማ ተራ ጥበብ የሚነግዱ ሴትዮ፣ በጉሮሯቸው ቱቦ የገባ፣ መናገር የማይችሉ። ሰው በነካቸው ቁጥር ይደነግጣሉ፤ የልብ ምታቸው ጣሪያ ይነካል፤ እጃቸው ሊታሰር ተወስኗል። ቤዛ ቱቦ ያለበትን ሰው ምን ልጠይቅ ብላ ግራ ተጋብታ፣ ወደ ግቢው በር ወርዳ እዚያ የምትጠብቀዋን ሴት ልጃቸውን አገኘቻት።

«ሱቃቸው ውስጥ ሁልጊዜ የሚቀመጡት ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ነው አለችኝ» አለች ቤዛ እየተጣደፈች። «ማንም ከኋላቸው እንዲመጣ አይወዱም፤ ቤታቸው ውስጥ እንኳ። አልጋቸውን ባየው ራስጌው ወደ በሩ ነው! የገባ ሁሉ በአናታቸው በኩል ነው የሚመጣባቸው። የክፍሉን ነርሶች ለምኜ፣ ከነማሽኑ ቀስ ብለን አዞርነው።»

«እጃቸውስ?» አልኳት፣ ትንፋሼን ይዤ።

«አልታሰረም።»

ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እንዳታውቅብኝ ቶሎ ብዬ ጠየቅኋት። «እና አስተማሪዎችሽን የትኛው ቲዎሪ ነው ልትያቸው ነው?»

«እሱን ሰኞ አስብበታለሁ። አሁን ልግባ አክስቴ» አለችኝ። «በሩን በሩን እያዩ ነው የሚጠብቁኝ።»